አር-ራዚ፦ ምግብን ከመድኃኒት ያስቀደሙት የረይ ሐኪም

በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድም ሆነ በረይ ልጅ ወልዶ ማሳደግ ብርቱ ፈተና ነበረው፤ ፈንጣጣ። በሽታው ከቤት ወደ ቤት እየተዛመተ ሕፃናትን ይለክፋል፤ ብዙዎችን ይገድላል፤ ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን አበላሽቶ፣ የአንዳንዶቹንም የዓይን ብርሃን ነጥቆ ያልፋል። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ግን በአብዛኛው ዳግመኛ በዚያው በሽታ አይያዝም። ይህን ወላጆች ሁሉ በልምድ ያውቁት ነበር። ምክንያቱን አጥብቀው ጠይቀው መልሱን በመጽሐፍ ለማስረዳት ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች መካከል ግን ጎልተው የሚታዩት አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ናቸው። እኚህ ሊቅ በዚያው መጽሐፋቸው ወረርሽኝ ሲገባ ጤነኛው ሰው ምን መብላት፣ ከምንስ መታቀብ እንዳለበት ጽፈዋል። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት አቅምና የዕለት ምግብ በአንድ ሐኪም ብዕር ሥር የተገናኙበት አጋጣሚ ነበር።

ስለ ሕይወታቸው ከተጻፉት ምንጮች ሁሉ ተአማኒ የሚባለው ከእሳቸው አንድ ክፍለ ዘመን ገደማ በኋላ የኖሩት ታላቁ ሊቅ አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ ያዘጋጁት የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። አል-ቢሩኒ እንደመዘገቡት አር-ራዚ የተወለዱት ሻዕባን 1 ቀን 251 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ865 ነው። የትውልድ ከተማቸው ረይ፣ ዛሬ በቴህራን ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘው ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ በዚያ ዘመን ከኹራሳን ወደ ባግዳድ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ሀብታም ከተማ ነበረች። አር-ራዚ የሚለው መጠሪያም የረይ ሰው ማለት ነው።

በወጣትነታቸው ዑድ ይጫወቱ እንደነበር፣ ከዚያም በኬሚያ ጥናት እንደተጠመዱ፣ ወደ ሕክምና የገቡት ግን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ዘግይተው ቢጀምሩም ለትምህርቱ የሰጡት ጊዜ ወሰን አልነበረውም። በትውልድ ከተማቸው የሚገኘውን ቢማሪስታን፣ ማለትም የዚያን ዘመን ሆስፒታል፣ ካስተዳደሩ በኋላ በባግዳድም ተመሳሳይ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል።

ኢብን አን-ነዲም «አል-ፊህሪስት» በተባለው ሥራቸው ስለ አር-ራዚ የሕክምና ጉባኤ ያስቀሩት ምስል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሊቁ በመካከል ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ተማሪዎቻቸው፣ ከእነዚያ ቀጥሎ የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ኋላ ሌሎች በረድፍ ይቀመጣሉ። ሕመምተኛው ሲመጣ ችግሩን የሚያስረዳው መጀመሪያ ለሚያገኛቸው ለመጨረሻው ረድፍ ተማሪዎች ነው። መልስ ካገኙለት ያክሙታል፤ ካቃታቸው ወደሚቀጥለው ረድፍ ያሳልፉታል። ሁሉም ሲያቅታቸው ጉዳዩ አር-ራዚ ዘንድ ይደርሳል። ኢብን አን-ነዲም ጨምረው እንደሚገልጹት አር-ራዚ ለጋስ፣ ለሰው አዛኝ፣ በተለይ ለድሆችና ለሕሙማን የሚራሩ ነበሩ፤ ድሆችን በነጻ ማከም ብቻ ሳይሆን የሚኖሩበትን ቀለብ ይቆርጡላቸው ነበር። የተራበ ሰው በመድኃኒት ብቻ እንደማይድን የሚያውቅ ሐኪም ተግባር ነው።

ከባግዳድ ቆይታቸው ጋር ተያይዞ በስፋት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሆስፒታል የሚሠራበትን ቦታ እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ በከተማይቱ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ሥጋ አሰቅለው፣ ሥጋው ዘግይቶ የተበላሸበትን ሰፈር መረጡ ይባላል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዘው ከዐዱዲ ሆስፒታል ጋር ቢሆንም ያ ሆስፒታል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ982፣ ማለትም አር-ራዚ ካረፉ ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ታሪኩ እንደሚነገረው ሊሆን አይችልም። ሆኖም ሰዎች ይህን ተረክ ለእሳቸው መስጠታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገርን በማወዳደር መመርመር የእሳቸው መለያ ነበርና።

ለዚህ ራሳቸው የጻፉት ማስረጃ አለ። የማጅራት ገትርን የመሰለ የአንጎል ትኩሳት የሚያሰጋቸውን ሕሙማን ሲያክሙ፣ በዘመኑ ልማድ መሠረት ደም ማውጣት ይጠቅም እንደሆነ ለማረጋገጥ ፈለጉ። የአንዱን ወገን ሕሙማን ደም አስወጡ፤ የሌላውን ወገን ደግሞ ሆን ብለው ተዉ፤ ከዚያም የሁለቱን ውጤት አነጻጸሩ። በእርግጥ ደም ማውጣት ዛሬ ለዚህ በሽታ ሕክምና አይደለም፤ የደረሱበትም መደምደሚያ አልጸናም። ጥያቄውን ያቀረቡበት መንገድ ግን ዛሬ ማንኛውም መድኃኒት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የሚፈተንበት መንገድ መነሻ ነው።

ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ የጻፉት «ኪታብ ፊል-ጁደሪ ወል-ሐስባ» በ14 ምዕራፎች የተከፈለ አጭር መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሁለቱ በሽታዎች በምልክታቸው የሚለዩበት መንገድ በግልጽ ተቀምጧል፤ የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ እንደሚያይል ጽፈዋል። ከዚህም አልፈው ፈንጣጣ ሁሉንም ልጆች የሚይዘው፣ አንዴ ይዞ ከለቀቀም የማይመለሰው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከሩ። የሕፃንን ደም ገና ከተጨመቀ የወይን ጭማቂ ጋር አመሳሰሉት። ጭማቂው ፈልቶ ትርፉን አረፋ አስወጥቶ እንደሚረጋ ሁሉ፣ የልጁም ደም በዕድገቱ ወቅት ይፈላል፤ ትርፉ እርጥበት በቆዳ ላይ በሽፍታ መልክ ይወጣል፤ አንዴ የረጋ ደም ደግሞ ዳግመኛ አይፈላም።

ዛሬ ይህ ማብራሪያ ስሕተት መሆኑ ይታወቃል። ፈንጣጣን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የዳነውን ሰው የሚጠብቀውም የበሽታ መከላከያ ሕዋሳቱ ጠላታቸውን አንዴ ካወቁ በኋላ ስለሚያስታውሱት ነው። ይሁንና የዘርፉን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት የአር-ራዚን ሐሳብ ስለ ተገኘ የመከላከል አቅም ከተሰነዘሩት ማብራሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው አድርገው ይቆጥሩታል። መልሱ ቢሳሳትም ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጥበቃው ከሰውነት ውስጥ እንደሚመነጭ ተረድተዋልና።

የምግብ ምክራቸው የመነጨው ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። ደም እንዳይፈላ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል ብለው ስላመኑ፣ ወረርሽኝ በገባበት ወቅት ያልታመሙት ልጆችና ወጣቶች ምስር፣ በኮምጣጤ ወይም ባልበሰለ ወይን ጭማቂ የተሠራ ወጥ፣ ጎምዛዛ ሮማን፣ የገብስ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ እንዲያዘወትሩ መከሩ። ተምር፣ ማር፣ ጣፋጭ፣ ወተት፣ በለስ፣ የበሰለ ወይንና ሜሎን እንዲቀርባቸው አደረጉ። በሽታው ከያዘ በኋላ ደግሞ ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሌሎች ስስ የአካል ክፍሎችን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጻፉ፤ በጽጌረዳ ውሃና በሱማቅ ዓይን እንዲጠበቅ አዘዙ። ፈንጣጣም ሆነ ኩፍኝ ዓይነ ስውር ሊያደርግ እንደሚችል በየዕለቱ ያዩ ነበርና።

ይህን የምግብ ዝርዝር ዛሬ እንዳለ መተግበር ግን ሊቁን ማክበር አይሆንም። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ወተትና ጠንካራ ምግብ መከልከል በዛሬው እውቀት ጎጂ ነው። ትኩሳት የሰውነትን የኃይል ፍጆታ ይጨምራል። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት መራባት ስላለባቸው ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚኖች ይፈልጋሉ። ልጁ ለረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ከገጠመው እነዚህ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት፣ ከደረት አጥንት ኋላ የሚገኘው ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮማተራል። በሽታው ደግሞ በበኩሉ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ተቅማጥ ያስከትላል፤ በሰውነት የተከማቸውን ያሟጥጣል። ረሃብ ለበሽታ በር ይከፍታል፤ በሽታም ረሃብን ያባብሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የተመጣጠነ ምግብንና ተላላፊ በሽታን ግንኙነት የሚመረምር ጥናት ይህን አዙሪት በዝርዝር አሳይቷል።

አር-ራዚ ለዓይን የሰጡት ትኩረት ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ያልጠበቁት ማብራሪያ አገኘ። የዓይንን፣ የመተንፈሻ አካላትንና የአንጀትን ስስ ሽፋን ጠንካራ አድርጎ የሚያቆየው ቫይታሚን ኤ ነው። ይህ ሽፋን ተሕዋስያን ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚያግድ የመጀመሪያው አጥር ነው። ኩፍኝ በሰውነት ያለውን ቫይታሚን ኤ ክፉኛ ያሟጥጣል፤ አስቀድሞ እጥረት የነበረበት ልጅ ዓይኑን ሊያጣ፣ አልፎም ሊሞት ይችላል። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት ኩፍኝ ለያዛቸው ልጆች ሁሉ ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ከ12 ወር በላይ ለሆኑት መጠኑ በቀን አንድ ጊዜ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሆኖ ለ2 ቀናት ይሰጣል። መጠኑ ሲያልፍ መርዝ ስለሚሆን በጤና ባለሙያ እጅ ብቻ የሚሰጥ ነው። በዕለት ማዕድ ላይ ግን ቫይታሚኑ በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በካሮት፣ በጎመንና በመሳሰሉት ይገኛል። ከኩፍኝ የሚጠብቀው ዋናው ጋሻ ክትባት ነው፤ ጥሩ ምግብ የተከተበውንም ሆነ የታመመውን ልጅ ሰውነት ያግዛል እንጂ ክትባትን አይተካም።

ከፈንጣጣው መጽሐፍ ውጭም አር-ራዚ ስለ ምግብ ብዙ ጽፈዋል። «መናፊዕ አል-አግዚያ ወደፍዕ መዷሪሃ» የተባለው መጽሐፋቸው የምግቦችን ጥቅምና ጉዳታቸው የሚወገድበትን መንገድ የሚያስረዳ ነው። ዳቦ፣ ውሃ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና ፍራፍሬ እያንዳንዳቸው ለማን እንደሚስማሙ፣ ለማን እንደማይስማሙ፣ የማይስማማው ሰው ከምን ጋር ቢበላቸው እንደሚሻለው ይዘረዝራል። ለረይ አስተዳዳሪ ለመንሱር ኢብን ኢስሐቅ ያበረከቱትና በ10 ክፍሎች የተዘጋጀው «አል-መንሱሪ» የተባለው መጽሐፋቸውም ለምግብና ለጤና አጠባበቅ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በምግብ ማከም እየተቻለ ወደ መድኃኒት መሄድ እንደማይገባ፣ በአንድ ቅመም ማከም እየተቻለም ቅልቅል መድኃኒት ማዘዝ እንደማያስፈልግ ያስተማሩት ትምህርት በኋለኞቹ የሙስሊም ሐኪሞች ዘንድ እንደ መመሪያ ሲጠቀስ ኖሯል።

ለነገሥታትና ለሹማምንት መጻፍ ብቻ አላረካቸውም። ሐኪም በአቅራቢያው ለሌለው ሰው የሚሆን «መን ላ የሕዱሩሁ አጥ-ጠቢብ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጁ። የድሆች ሕክምና ተብሎም የሚታወቀው ይህ ሥራ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ውድ መድኃኒት ሳይሆን በማንኛውም ቤት ጓዳና በየገበያው የሚገኘውን ነገር ለሕክምና ማዋልን ያስተምራል። የመድኃኒት ምሥጢርን ይዞ መክበር በሚቻልበት ዘመን እውቀቱን ለማንም እንዲደርስ አድርጎ መጻፍ የሞራል ውሳኔ ነበር።

ስለዚህም አር-ራዚ አታላዮችን አጥብቀው ተዋጉ። በ«አል-መንሱሪ» ውስጥ፣ አስቀድመው በእጃቸው የደበቁትን ነገር ከሕመምተኛው አፍንጫ ወይም ጆሮ ያወጡ እየመሰሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎችን ዘዴ አንድ በአንድ አጋልጠዋል። ሰዎች ጎበዝ ሐኪሞችን ትተው ወደ አታላዮች የሚያዘነብሉበትን ምክንያት የሚመረምር ራሱን የቻለ ጽሑፍም አላቸው። ሐኪም ሁሉን በሽታ እንደማያድን በግልጽ መናገራቸው፣ ሁሉን አድናለሁ ከሚለው አታላይ ጋር ሲነጻጸር ለሐኪሙ ገበያ የማይበጅ፣ ለሕመምተኛው ግን የሚበጅ እውነት ነበር።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ጽሑፍ አለቻቸው። የዘመናቸው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ወቅት የጽጌረዳ አበባ ሲሸታቸው ለምን አፍንጫቸው እንደሚፈስ የምታስረዳ ናት። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህችን ጽሑፍ ዛሬ አለርጂ የምንለውን የአፍንጫ ሕመም ከገለጹት ቀደምት ሥራዎች አንዷ አድርገው ያነሷታል። አለርጂ የሚመጣው የመከላከያ ሥርዓቱ ስለደከመ ሳይሆን ጉዳት የሌለውን የአበባ ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለሚነሣበት ነው። ለጤና የሚበጀው እንግዲህ የመከላከል አቅምን ያለ ገደብ ማበርታት ሳይሆን በሚዛን ማቆየት ነው። የመከላከል አቅምን በአንድ ማንኪያ እናበረታለን የሚሉ ብልቃጦች በየሱቁ በተደረደሩበት በዛሬው ጊዜ ይህ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል።

ስለ ነፍስ ሕክምና በጻፉት «አጥ-ጢብ አር-ሩሓኒ» ደግሞ ስለ ሆዳምነት ለብቻው ምዕራፍ ሰጥተዋል። ከልክ በላይ መብላት የሆድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ አእምሮ ፍላጎቱን መግዛት ሲያቅተው የሚመጣ የባሕርይ ሕመም መሆኑን ያስረዳሉ። በፍልስፍናና በእምነት ጉዳዮች ከእሳቸው የተጠቀሱ አንዳንድ አስተሳሰቦች ከዑለማዎችና ከሌሎች ሊቃውንት ብርቱ ትችት አስነሥተዋል። ተቺዎቻቸውም ቢሆኑ ግን የሕክምና እውቀታቸውን አልካዱም፤ መጻሕፍታቸው በሙስሊሙ ዓለም ሆስፒታሎች ለዘመናት ተነብበዋል።

የኋለኛው ዕድሜያቸው በጨለማ የተዋጠ ነበር። ራሳቸው እንደጻፉት አንድን ትልቅ የሕክምና ሥራ ለማዘጋጀት 15 ዓመታት ሌት ተቀን ከመድከማቸው የተነሣ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ የእጃቸውም ጡንቻ ታወከ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ሰዎች እያስነበቡና እያስጻፉ ሥራቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻም ዓይናቸው በሞራ ግርዶሽ ፈጽሞ ታወረ። ኢብን አን-ነዲም ለዚህ ሕመም የሰጡት ምክንያት አንባቢን ፈገግ ያሰኛል፤ አር-ራዚ ባቄላ አብዝተው ይበሉ ስለነበር ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከኬሚያ ሥራ የሚወጣውን ጭስ ያነሣሉ። ባቄላ የዓይን ሞራ እንደማያመጣ ዛሬ ይታወቃል። የምግብን ጉዳትና ጥቅም ለዓለም ያስተማሩት ሐኪም በሚወዱት ተራ ምግብ መከሰሳቸው ግን፣ ሰው በጎረቤቱ ሕመም ላይ ምክንያት ለመለጠፍ ምን ያህል እንደሚቸኩል ያሳያል። አር-ራዚ በሕይወት ዘመናቸው ሲቃወሙት የኖሩትም ይህንኑ ያለ ማስረጃ መፍረድን ነው።

ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያድን ለመጣው ሐኪም ዓይን ስንት ሽፋን እንዳለው ጥያቄ አቀረቡለት፤ መመለስ ስላልቻለ ዓይናቸውን እንዲነካ አልፈቀዱለትም ተብሎ ይተረካል። በአል-ቢሩኒ መዝገብ መሠረት ሻዕባን 5 ቀን 313 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ925 በትውልድ ከተማቸው በረይ አረፉ። አል-ቢሩኒ ከቆጠሯቸው ሥራዎች ብዛት 184 ይደርሳል።

ከሞታቸው በኋላ የቡወይሂዎቹ ሚኒስትር ኢብኑል-ዐሚድ በእጅ የተጻፉ ማስታወሻዎቻቸውን ከእኅታቸው ገዝተው፣ የሊቁ ተማሪዎች እንዲያቀናብሩት አደረጉ። ግዙፉ «አል-ሓዊ» የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። መጽሐፉን የሲሲሊው ተርጓሚ ፈረጅ ኢብን ሳሊም እ.ኤ.አ. በ1279 ወደ ላቲን መለሰው። የ«አል-መንሱሪ» ዘጠነኛ ክፍልም በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት መማሪያ ሆነ።

አር-ራዚ የመረመሩት ፈንጣጣ ዛሬ የለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ነው፤ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለማችን የመጨረሻ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያዋ መርካ ከተማ ተገኝቶ ዳነ። በግንቦት 1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ጎምዛዛ ሮማን ወይም የምስር ወጥ ሳይሆን ክትባት ነው፤ ክትባትም የሚሠራው አር-ራዚ ምክንያቱን በፈለጉለት በዚያው እውነት፣ አንዴ በሽታን የተዋጋ ሰውነት ዳግመኛ እንደማይሸነፍ በሚያሳየው እውነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ኩፍኝ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አሁንም አብዝቶ የሚጎዳው ያልተከተበውንና ያልጠገበውን ልጅ ነው። ሐኪሙ ለድሃው ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ጋር ቀለብ የቆረጡበት ምክንያት ከ1,100 ዓመታት በኋላም አልተለወጠም።